አሮጊቷን መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ እንግባላት ወይስ እንተዋት?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር አይደለም። እኛን ቤት ሦስት ማታ ያነታረከንን ጉዳይ ነው። የጠቡ መነሻ ደግሞ ሌላ ሳይሆን መኪናችን ናት!

መኪናችን ኮሮላ ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። አባቴ ከሥራ ሲሰናበት ባገኛት ገንዘብ የገዛት ነች። እናቴ እንጀራ ትጋግራለች፣ ታላቅ ወንድሜ በመኪናዋ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ያደርሳል። እንግዲህ ቤታችን የሚበላው ከእሷ ነው ማለት ይቻላል።

በ2017 ክረምት ወንድሜ በዝናብ ተንሸራቶ ከምሰሶ ጋር ተላተመ። ደግነቱ እሱ አልተጎዳም፤ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎውና ራዲያተሩ ግን አለቀላቸው። ጋራዡ 90 ሺህ ብር ጠየቀ። እኛ «ሙሉ ኢንሹራንስ አለን» ብለን ተዝናንተን ስንሄድ «የምንከፍላችሁ 30 ሺህ ነው፤ ከሱም ላይ የእናንተ ድርሻ ይቀነሳል» አይሉን መሰላችሁ! ለካስ መኪናዋ ገበያ ላይ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ስታወጣ፣ እኛ በየዓመቱ ስናድስ የነበረው በድሮው ዋጋ፣ በ400 ሺህ ብር ነው። ሲሶዋን አስገብተን ሲሶውን ተከፈለን። ዘረፉን ብለን ጮኸን፤ ውሉን አውጥተን ስናነበው ግን እዚያው ተጽፏል።

ባለፈው ወር ማደሻዋ ሲደርስ አባቴ መነጽሩን አውልቆ «ገንዘባችንን በልተው ሲሶ ከሚወረውሩልን፣ ለዚች አሮጊት ሦስተኛ ወገኑ ይበቃታል!» አለ። ወንድሜም ደገፈው። አሜሪካ ያለችው አክስቴም በስልክ «እኔም የራሴን አሮጌ መኪና ከሙሉው አውጥቻታለሁ» አለችን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ምክንያቱም ለ400 ሺሁ የምንከፍለው 13 ሺህ ብር ነበር፤ በትክክለኛው ዋጋ ሲሆን ግን ወደ 40 ሺህ ይጠጋል። የጎደለው 27 ሺህ ደግሞ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አውቄዋለሁ። ለማታ ኮሌጅ መመዝገቢያ ብዬ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኳት 30 ሺህ ብር አለችኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የአንዲት ጎረቤታችን ነገር ነው። እኚህ እናት ካቻምና «መኪናዬ አርጅታለች» ብለው ሙሉውን ትተው በሦስተኛ ወገን ብቻ ቀሩ። አንድ ሌሊት መኪናቸው ከበራቸው ላይ ተሰረቀች። ኢንሹራንሱ ዘንድ ሄደው «ይሄ እርስዎ ለሚጎዱት ሰውና ንብረት እንጂ ለእርስዎ መኪና አይከፍልም» ተብለው ተመለሱ። እውነትም አዋጅ ቁጥር 799/2005 በግድ ግቡ የሚለን ሦስተኛ ወገንን ነው። የራሳችንን መኪና ማሰብ የራሳችን ፈንታ ነው። እኚያ እናት ዛሬ ሸቀጣቸውን በሰው መኪና እየተከራዩ ያመላልሳሉ።

ታዲያ አክስቴ ተሳስታለች? አልተሳሳተችም! እሷ ባለችበት አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ ቀን ይመጣና የሚከፈለው ከሚገኘው ጋር አይመጣጠንም። የእኛ አገር ግን ሌላ ነው። በ2012 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ የኤክሳይስ ታክስ ተጣለ፤ በ2016 ጥር በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀና ዶላር ሰማይ ወጣ። እናም አሮጊቶቹ መኪኖች እያረጁ ተወደዱ! ስለዚህ እዚህ አገር ጥያቄው «መኪናዋ ስንት ዓመቷ ነው?» አይደለም። «ነገ ብትጠፋ በኪሴ ባለው ገንዘብ ልተካት እችላለሁ?» ነው። የሚችል ሰው፣ ወይም መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው፣ ሙሉውን ቢተው አይፈረድበትም። እኛ ግን አንችልም።

እናንተም እንደኛ ከሆናችሁ እነዚህን ልብ በሉ። በየዓመቱ ስታድሱ የዕለቱን የገበያ ዋጋ ጠይቃችሁ በሱ አስገቡ። አጋንኖ ማስገባትም አይጠቅምም፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ካሳው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም ይላል። መኪናዋ ዕቃ የምታመላልስ ከሆነ አትደብቁ፤ የቤት መኪና ብላችሁ አስገብታችሁ በኋላ ክርክር ውስጥ እንዳትገቡ። በየአደጋው ከኪሳችሁ የሚወጣው ስንት እንደሆነ፣ አሮጌ ዕቃ በአዲስ ሲተካ ምን ያህል እንደሚቆረጥባችሁ ሳትፈርሙ ጠይቁ። ሙሉው ከአቅም በላይ ከሆነ ደግሞ ለስርቆትና ለእሳት ብቻ የሚሆን እንዳለ አጣሩ።

በሦስተኛው ማታ ይህንን ሁሉ ተናግሬ 27 ሺህ ብሯን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። እናቴ ምንም ሳትናገር እጄን ያዘችኝ። ወንድሜ «ከእንጀራው ላይ እየቆጠብኩ እመልስልሃለሁ» አለኝ። አባቴ እያጉረመረመ ተነስቶ ሄደ፤ ተናደደ ስንል ሊብሬዋን ከኮመዲኖው አውጥቶ ተመለሰ።

ኮሌጁ ለሚቀጥለው ተርም ተላለፈ። ከፍቶኛል፤ አልዋሻችሁም። ግን ማታ ማታ መኪናዋ ግቢ ስትገባ ስሰማ እንቅልፌ ይመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይሄ ነው።