ፍልጥ፣ ጭራሮ እና የጽድ አጥር

ልደታ ውስጥ እንጨት እሸጣለሁ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ዛሬም እንጨት የሚገዛ አለ እንዴ?» ብሎ ነው። አለ። ከጋራ መኖሪያ ሕንጻዎቹና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የከተማ ባቡር ሐዲድ ጀርባ፣ ዙሪያዋን ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ ግቢ አለችኝ። በአንደኛው ጥግ ፍልጥ፣ በሌላው ጭራሮ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ረጃጅም አጠና ተደርድሮባታል። ሥራውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አብሮትም ሁለተኛ ሥራ ወርሻለሁ፤ የጽድ አጥር መከርከምና የተሸነቆረውን መጠገን። መጋዝ፣ መጥረቢያና ገመድ ያለው ሰው ሁለቱንም ቢይዝ ምን ይገርማል?

ለእኛ ለነጋዴዎቹ «እንጨት» የሚባል ነገር የለም። ፍልጥ አለ፤ ጭራሮ አለ፤ ቅጠል አለ፤ ግንዲላ አለ፤ ቅርፊት አለ። ጠላ ጠማቂ ፍልጥ ትፈልጋለች፤ እሳቷ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይዋዥቅ መንደድ አለበትና። እንጀራ ጋጋሪ ግን ፍልጥ ብትሰጧት አትቀበልም። ምጣድ የሚወደው ፈጥኖ ቦግ የሚል፣ ከሥሩ እኩል የሚዳረስ ነበልባል ነው፤ እሱም የሚገኘው ከባሕር ዛፍ ቅጠልና ከጭራሮ ነው። ፍልጥ የምጣዱን አንድ ጎን ያሳርርና ሌላውን ሊጥ አድርጎ ይተወዋል። ዘይት ያዘለው ደረቅ ቅጠል ሲቀጣጠል የሚያሰማውን መንጣጣት የሰማ፣ ያደገበትን ጓዳ አይረሳም።

የደረቀውን ከርጥቡ ለመለየት ዐይን አይበቃም። ልምድ ያላት ገዢ ሁለት ፍልጥ አንሥታ ታጋጫቸዋለች። የደረቀ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ርጥቡ ድፍን ነው። አንዳንዷ ደግሞ በእጇ ትመዝነዋለች። ርጥብ እንጨት መሸጥ ውኃ መሸጥ ነው፤ ያውም የሚያስለቅስ ውኃ። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ጠባዩ ግራ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ልፍለጠው ቢሉት መጥረቢያ ይመልሳል፤ አንጓ ያለበት ከሆነማ ሽብልቅ ሁሉ ይተፋል። ስለዚህ ርጥብ ሳለ ይፈለጣል፤ ደርቆ ይሸጣል። በመፍለጡና በመሸጡ መካከል ያሉት ወራት ናቸው ነጋዴውን የሚፈትኑት። ገንዘቡ ግቢው ውስጥ ተከምሮ ይታየዋል፤ ሊነካው ግን አይችልም። በተለይ ሐምሌ ላይ ደረቅ እንጨት ሲጠፋ፣ ያልደረቀውን ከደረቀው ቀላቅሎ መሸጥ እጅግ ቀላል ነገር ነው።

አባቴ በአደራደሩ ላይ ጥብቅ ነበር። እንጨት በእስርና በድርድር ሲሸጥ ሌብነቱ የሚሠራው በክፍተቱ ነው፤ ጠማማ ጠማማውን ከመሀል አድርገው አየር ይሸጣሉ። «በድርድሩ መሀል ድመት ካለፈች እኛ ሌቦች ነን» ይል ነበር። አይጥስ ብትሆን ብዬ ብጠይቀው «አይጥን እግዜርም ይቅር ይላታል» አለኝ።

ይህችን ግቢ ያገኛት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ከተወረሰ በኋላ፣ ከቀበሌ በኪራይ ነው። እንጨቱን የሚገዛው ከሆለታና ከአዲስ ዓለም መንገድ ግራና ቀኝ ካሉ ገበሬዎች፣ ቁም ዛፉን በዐይን ገምቶ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ በዚያው መንገድ እመላለሳለሁ። አዲስ ዓለም በደረስኩ ቁጥር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተባለ ብዙ ሳይቆይ ተመነጠረ። እንጨት ሲርቅ መናገሻን ማንሣት የቆየ የነገሥታት ልማድ ነበርና፣ ዳግማዊ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር። ኋላ ሐሳቡ ተተወ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሥፍራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባ በቦታዋ እንድትቀር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በእነዚያው ዓመታት ከባሕር ማዶ የመጣው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ስሙም ከዚያው መጣ፤ ባሕር ዛፍ። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በ5 ወይም በ6 ዓመት ለአጠና ይደርሳል። ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም ተብሎ ስንት ጊዜ ተከሷል፤ ክሱም ሐሰት አይደለም። ግን ከሳሾቹ ራሳቸው በእርሱ በተማገረ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚከሱት። እኔ ለዚህ ዛፍ ጠበቃ ብቆም አንባቢ አይፍረድብኝ፤ እንጀራዬ ነው።

ከአባቴ በፊት እንጨት የነገሡባቸው ሰዎች ግን የጭነት መኪና አልነበራቸውም። ከእንጦጦ የሚወርዱትን ሴቶች ማለቴ ነው። ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚመዝን፣ ከዚያም የሚበልጥ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ገመዱ ደረታቸውን ሰንጥቆት፣ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር። ከደን ጠባቂ ጋር ሲገናኙ ደግሞ የቀኑ ድካም እንዳለ ይነጠቃል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሸክሙን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ሽመና ያዙ። የተራራው ገጽም በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ሌላ ሆኗል። በልጅነቴ የእነርሱ እስር ከእኛ ይረክስ ስለነበር አባቴ ሲነጫነጭ እሰማለሁ። እናቴ «እነሱ ጀርባቸውን ነው የሚሸጡት፤ አንተ እንጨት ነው የምትሸጠው፤ ምኑን ከምን ታወዳድራለህ?» አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋቸው ሲናገር አልሰማሁትም።

እናቴ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። ማገዶው ከግቢያችን ነው፤ ስለዚህ ለእርሷ ነፃ ነው፤ ስለዚህም አትቆጥብም። ጓዳችን አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ነበረችው። የእናቴ ዐይኖች ሁልጊዜ ቀይ ነበሩ፤ ሳሏም ከዶሮ ጩኸት ቀድሞ ይቀሰቅሰን ነበር። እኛ ልጆች የእናት ድምፅ እንዲያ ነው ብለን ነው ያደግነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ያስቀምጣል። ቁጥሩን ባነበብኩበት ቀን መጋዙን አስቀምጬ ድርድሩን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ደብተር የገዛልኝ፣ ጫማ ያጫማኝ፣ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝ ያ ድርድር ነው፤ የእናቴን ደረት የዘጋውም እርሱ ነው። ከሁለቱ አንዱን ነጥዬ ላመሰግን ወይም ልረግም ብፈልግ አልቻልኩም። በ1980ዎቹ ምርጥ ምድጃና ላቀች ሲመጡ ደንበኞቻችን ማገዶ መቆጠብ ጀመሩ፤ ገበያችንም በዚያው ልክ ቀነሰ። ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ምርጥ ምድጃ ግዛ፣ ጓዳህንም ክፈት ብዬ የምመክረው እኔው ነኝ። እንጨት ነጋዴ እንጨት አታብዙ ሲል መስማት ያስቃል መሰለኝ፤ ብዙዎቹ ይስቃሉ።

ወደ አጥሩ ልመለስ። ከልደታ እልፍ ብሎ ያለው ሰፈር ኦልድ ኤርፖርት የሚባለው ቦሌ ሳይሠራ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በዚያ ስለነበር ነው። እዚያ ያሉት አሮጌ ቪላዎች ብዙዎቹ በፈረንጅ ጽድ የታጠሩ ነበሩ። ጽድ ለከርካሚ ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ ላዩ ከሥሩ ጠበብ ይበል፤ አለበለዚያ ላዩ ሥሩን ፀሐይ ይከለክለውና እግሩ ይራቆታል። ሁለተኛው፣ አረንጓዴው ካለቀበት ወደ ደረቀው ውስጥ አትግባ፤ አሮጌ የጽድ ቅርንጫፍ ዳግም አያቆጠቁጥም። ባሕር ዛፍን ከጉቶው ብትቆርጠው ይምርሃል፤ ጽድ አይምርም። ሽንቁር ሲከፈት ከግራና ከቀኝ ልምላሜ ያለውን ለጋ ቅርንጫፍ ሳይሰበር ጎንበስ አድርጎ በማገር ላይ ማሰር ነው፤ በዓመት በሁለት ዓመት ይገጥማል። የገጠሩ አጥር ሌላ ነው። ቀጋውና አጋሙ በእሾሁ ይጠብቃል፤ ቅንጭብ ደግሞ በወተቱ። የቅንጭብ ወተት ዐይን ውስጥ ከገባ አያድርስ ነው፤ አባቴ ቅንጭብ ሲቆርጥ ፊቱን አዙሮ ነበር።

በእኛ ሰፈር በጽድ አጥር መካከል ሁልጊዜ አንዲት ቀዳዳ ትተው ነበር። በዚያች ቀዳዳ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫራል። ጧት እሳት የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ትመጣለች፤ ፍም ታገኛለች፤ ከፍሙም ጋር የሰፈሩን ወሬ። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛ «ይህችን ቀዳዳ ዝጋልኝ» ብላ አባቴን አስጠራችው። ከጎረቤቷ ተኳርፋ ነበር። አባቴ ዛሬ ገመድ የለኝም፣ ነገ መጋዙ ዶልዱሟል እያለ ሳምንት አዘገያት። በሳምንቱ ሁለቱ ሴቶች በቀዳዳዋ ቡና ሲቀባበሉ አየናቸው። ገንዘቡን አጣ፤ ደስ ብሎት ግን ዋለ።

ከ2001 እስከ 2003 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የልደታ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ በቦታው የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ተተከለ። ጢስና ጭቃ በበዛበት ሰፈር ለኖረ ሰው ቧንቧና መጸዳጃ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ ጊዜ የፈረሰውን ሁሉ ገነት አድርገው ለሚጽፉ ሰዎች አልስማማም። ነገር ግን ደንበኛ እንደ ተነጠለ እስር ተበተነ። አንዷ ጀሞ ወጣች፤ አንዷ የካ አባዶ። ከዱቤ ደብተሬ ላይ ያልተከፈሉ ስሞች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ በባቡር መጥተው ከፍለውኛል። ፎቅ ላይ በማገዶ አይጋገርም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁሉን ወሰደ። ለእኔ የቀረልኝ መብራት የጠፋበት ቀን፣ በጋራ መጠቀሚያው ሕንጻ የሚደገስ ሠርግና ለቅሶ፣ የመስቀል ችቦና ደመራ፣ እንዲሁም ለሕንጻ መወጣጫ የሚሸጠው አጠና ነው። እውነቱን ለመናገር ቤቴን የሚያቆመው አጠናው ነው። የጽድ አጥሩም በድንጋይና በብረት እየተተካ ሄዷል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው መንገዶች ዳር ደግሞ አጥር የሚባለው ራሱ ብዙ ቦታ ላይ ፈርሷል። ያሉኝ የአጥር ደንበኞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አንድ ቀን ግን ከዓመቱ ሁሉ ይለይብኛል፤ ግንቦት 1። ለልደታ ማርያም ጎረቤት ሁሉ ከደጅ ወጥቶ እሳት ያነዳል፤ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ቡና ያፈላል። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ፣ ከቤት ውጭ ተወለደች ስለሚባል ነው ከቤት መውጣቱ። ለዚያ እሳት እንጨት አንሸጥም፤ አባቴም አልሸጠም። ከፎቅ የሚወርዱት ልጆች ከግቢዬ እየመጡ ይወስዳሉ። እሳት ማያያዝ የሚያውቅ ልጅ እያነሰ ነው፤ ፍልጡን ከሥር፣ ጭራሮውን ከላይ አድርገው ክብሪት ሲጨርሱ አይቼ አሳየኋቸው።

ካረጁት የቀበሌ ቤቶች በአንዷ የሚኖሩ አንዲት ጠላ ጠማቂ አሉ። የአባቴ ደንበኛ ነበሩ። «ልጄ» ነው የሚሉኝ፤ እኔም «እማማ» እላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት መጥተው የክረምቱን ፍልጥ እንዳስቀምጥላቸው ጠየቁኝ። ቤታቸው ይፈርሳል የሚል ወሬ አለ፤ መቼ እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚሄዱም አልተነገራቸውም። የግማሹን ዋጋ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። «ሌላውን ክረምት ከገባ እከፍልሃለሁ፤ ያን ጊዜ እዚህ ከሌለሁ ለሌላ ሽጠው» አሉኝ። ግማሹን በጋሪ አደረስኩላቸው። ግማሹን፣ አሁን በቅርቡ የተፈለጠውን፣ ከጥግ ላይ ለብቻው ደርድሬ በከሰል መስቀለኛ ምልክት አደረግኩበት። ድመት አያሳልፍም። ሐምሌ እስኪገባ ይደርቃል።