ዝናብና ጉራ

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የሰው ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል መሆኑን፣ ከ35 ሲወርድ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑን በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ይህን የሚያስተምር ሰው በሐምሌ ወር ከዝናብና ከነፋስ ጋር ግብግብ ገጥሞ፣ በመጨረሻው በማያውቃቸው ባልቴት ቤት በባና ተጠቅልሎ ተገኘ ቢሏችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ፤ እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን ከመነሻው ላጫውታችሁ።

ባለፈው ግንቦት ትምህርቱን ጨርሰን ጥቂት ደቂቃ ስለ ተረፈን ለተማሪዎቼ ሚያዝያ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ስለተደረገው የቦስተን ማራቶን አወራሁላቸው። የዚያን ቀን ሙቀቱ 4 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ዝናቡም አላባራም። መንገዱ ከሆፕኪንተን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ የሚሄድ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ከባሕሩ በኩል መጣ። ስለዚህ ሯጮቹ ያን ሁሉ መንገድ ፊታቸውን ለነፋስ ሰጥተው ሮጡ። ከወንዶች ጃፓናዊው ዩኪ ካዋኡቺ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ፣ ከሴቶች አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ አሸነፉ። የእኛዋ ማሚቱ ደስካ ብቻዋን ቀድማ ለብዙ ኪሎ ሜትር ስትመራ ቆይታ አቋረጠች። ሌሎችም ስመ ጥር ሯጮች አቋረጡ።

እዚህ ላይ ምላሴ አዳለጠኝ። «አበበ ቢቂላ» አልኩ፣ «ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ከ58 ዓመት በኋላ የቦስተኑ አሸናፊ ጫማ አድርጎ እንኳ ከእርሱ 42 ሴኮንድ ዘገየ። የእኛዎቹማ ዝናብ ፈርተው መኪና ተሳፈሩ!»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን ሳትስቅ እጇን አወጣች። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ለማምጣት በእግሯ ወደ አገሯ የምትሄድ ልጅ ናት።

«መምህር፣ ሮም ያን ማታ ይዘንብ ነበር?»

«አይ፣ አልዘነበም።»

«እርስዎስ በዝናብ ያን ያህል ሮጠው ያውቃሉ?»

በትሕትና ነው የጠየቀችኝ፤ የበለጠ የቆጠቆጠኝም እርሱ ነው። አርባ ተማሪ እያየኝ ምን ልበል? «ሐምሌ ላይ ጫጫ ደርሼ እመለሳለሁ፤ የጎደለውን በከተማው ዞሬ 42 ኪሎ ሜትር እሞላለሁ» አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በየሳምንቱ 10 ኪሎ ሜትር እሮጥ ነበርና በራሴ ተማምኜ ነበር። ደግሞም ካዋኡቺ ያን ጊዜ በአገሩ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቢሮ ሠራተኛ እንደነበረ አንብቤአለሁ። እንደ እኔው የትምህርት ቤት ደመወዝተኛ ነው ብዬ ልቤ አበጠ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዷን ለሚያውቅ አልነግረውም። በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ጠዋት የጥጥ ሹራብ ለብሼ፣ ቆሎ በኪሴ ቋጥሬ ተነሣሁ። ካፊያ ነበር። ጫጫ እስክደርስ ድረስ እግሬ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። ማራቶን የሚሉት ይኸው ነው ወይ እያልኩ፣ በውስጤ ማሚቱን እንደገና ወቀስኳት።

ለካ ነፋሱ ከኋላዬ ሲገፋኝ ኖሯል። ጫጫ ላይ ፊቴን ስመልስ እንደ በር ተዘጋብኝ። ካፊያው ዶፍ ሆነ፤ ዶፉም በረዶ ተቀላቀለበት። ሹራቡ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ በደረቴ ላይ ተለጠፈ። እዚህ ላይ የሰሌዳዬ ትምህርት ትዝ አለኝ፤ ውሃ ከአየር ይልቅ እጅግ ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። የሚሮጥ ሰው ጡንቻው ምድጃው ነው፤ ደክሞት ሲያዘግም ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ግን መውሰዱን አይተውም። ቀጭን ሯጭ ደግሞ የሚከልለው ስብ የለውም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን አንዲት ጣት አላሞቀልኝም። ቆሎውን ላወጣ ብሞክር እጄ ኪሴን ስቶ ጭኔን ይዳስሳል። ስልኬን ብነካው አይሰማኝም። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጤ ቀነሰና እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

29ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከመንገድ ዳር ካለ ጎጆ አንዲት ባልቴት ብቅ አሉ። «ምነው ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?» ማንም እንዳላባረረኝ ልነግራቸው ብፈልግ አፌ ተሳሰረ። ክንዴን ይዘው አስገቡኝ። ሹራቡን አስወልቀው ባና ደረቡልኝ፤ ከኩበቱ እሳት አጠገብ አስቀመጡኝና ትኩስ አጥሚት በማንኪያ አጎረሱኝ፤ ኩባያ መያዝ አልቻልኩምና። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ሰባኪው መምህር ራሱ መኪና ተሳፈረ ማለት ነው።

በቀረው ክረምት ያላነበብኩትን አነበብኩ። ካዋኡቺ ከቦስተኑ ውድድር ሦስት ወር ተኩል ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በዚያው በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ማርሽፊልድ በምትባል ከተማ ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ በሆነ ብርድ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ጨርሷል። ሌላው ሰው የሚሸሸው አየር ለእርሱ የሚመቸው ነው። ይልቅስ ያስገረመኝ የሊንደን ነገር ነው። ገና በመጀመሪያው ላይ ማቋረጧ እንደማይቀር አስባ ለሻሌን ፍላናጋን ነግራት ነበር፤ ስለዚህ ፍላናጋን ለመጸዳዳት ከመንገድ ስትወጣ ሊንደን ፍጥነቷን ቀንሳ ጠበቀቻት። ያሸነፈችውና ያቋረጠችው በልባቸው ያን ያህል አልተራራቁም።

መስከረም ላይ ክፍል እንደገባሁ ልጆቹ «ደረሱ ወይ?» እያሉ ከበቡኝ። «ሃያ ዘጠኝ» አልኩ፤ ባልቴቷንም፣ አጥሚቱንም፣ ሚኒባሱንም አልደበቅሁም። ስለ ማሚቱ የተናገርኩትንም መለስኩት። ሳቁብኝ። ያቺ ልጅ ግን ዛሬም አልሳቀችም።

«ነፋሱ ከየት በኩል ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት።

«እንግዲያ በመኪና ጫጫ ሄዶ ወደዚህ መሮጥ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ነፋሱን በፊት ተቀብሎ መሄድ፣ ሲደክሙ እየገፋ እንዲመልስዎ ነው። እኔ ስንቄን ሳመጣ ሁልጊዜ አየዋለሁ።»

«እኩሌታው ላይ ቢዞርስ?»

«ያን ጊዜማ እማማ ቤት እንገባለን» አለች። ለሚመጣው ሐምሌ ከሯጮቹ ክበብ ስድስት ልጆች ስማቸውን አስመዝግበዋል። እኔም የሱፍ ሹራብ ገዝቻለሁ።