የፈረስ ስም በሀጅ ዩሱፍ

ካርቱም በኖርኩባቸው ዓመታት ስሜ ኢብራሂም ነበር። ያወጣልኝ አሠሪዬ ነው። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴም አልወጣ ሲለው «ኸላስ፣ ኢብራሂም» ብሎ ተገላገለ። ዴም ሰፈር ከነበርነው አበሾች መሀል እንዲህ ያለ የቀን ስም ያልነበረው ጥቂት ነው። ማታ ቡና ላይ ስንሰበሰብ ሁሉም ወደ ክርስትና ስሙ ወይም ወደ ቤት ስሙ ይመለሳል፤ ጠዋት ደግሞ ፋጡማና መርየም፣ ኢብራሂምና ሙሳ ሆነን እንበተናለን። መጀመሪያ ሰሞን ከንክኖኝ ነበር። ኋላ ላይ ግን ተጽናናሁ፤ ሱፐርማንም አረብ አገር ሲገባ ስሙን ቀይሯል።

ይህን የነገረኝ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሽማግሌ ነው። መሀል ካርቱም፣ አተኔ አደባባይ ላይ፣ በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ መጽሐፍ መሬት ላይ ይነጠፍ ነበር፤ የገበያው ስምም «መፍሩሽ» ነው፣ የተነጠፈ ማለት። ሽማግሌው ቤይሩት የታተሙ የሱፐርማን መጽሔቶች ነበሩት፤ በአረብኛ መውጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። (ዘመን በፈረንጅ መቁጠር ካርቱም ያስለመደኝ ነገር ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንዲሁ እቀጥላለሁ።) እዚያ ውስጥ ክላርክ ኬንት የሚባል ሰው የለም፤ ያለው ናቢል ፋውዚ ነው። ባትማን «አል ወጥዋጥ» ሆኗል፣ የሌሊት ወፍ፤ ጭምብሉን ሲያወልቅ ሱብሂ ይባላል፣ ከጎኑ የማይጠፋው ሮቢን ደግሞ ዛኩር። ናቢል ፋውዚ! እንዲህ የሚባል ሰው አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጦ «ነገ ተመለስ» ቢለኝ አይደንቀኝም። ሸሚዙን በርግዶ ይበራል ስባል ነው ግራ የምጋባው።

ሱዳኖቹ የራሳቸውም አላቸው። «አል ሲብያን» የተባለው የልጆች መጽሔት ከ1946 ጀምሮ እዚያው ካርቱም ሲታተም ኖሯል፤ በውስጡ «ዐምከ ተንጎ» የሚባለውን አስቂኝ ሰውዬ የሳለው ሸርሀቢል አህመድ ነው። አዎ፣ ዘፋኙ ራሱ፣ የሱዳን ጃዝ ንጉሥ የሚሉት። በአንድ እጁ ብሩሽ፣ በሌላው ጊታር።

እኔን ግን የያዘኝ የግብፆቹ የኪስ ልቦለድ ነው፤ «ረጁል አል ሙስተሒል»፣ የማይቻለውን የሚችለው ሰው እንበለው። ናቢል ፋሩክ በ1984 ጀምሮት እስከ 160 ቁጥር ገፋበት። ጀግናው አድሃም ሰብሪ የግብፅ ሰላይ ነው፤ የምስጢር ስሙም «ኑን 1»። ኑኗ «ናዲር» ከሚለው ቃል የተወሰደች ናት፣ ብርቅ ማለት፤ ቁጥሩ ደግሞ ከብርቆቹም የመጀመሪያው ነው ለማለት። ቋንቋ ይችላል፣ መልክ መለወጥ ይችላል፣ ያገኘውን ሁሉ ይነዳል፤ የማይችለው መሸነፍ ብቻ ነው። ፋሩክ ሀኪም ነበር። የመናፍስት ተከታታይ ልቦለድ የጻፈው አህመድ ኻሊድ ተውፊቅም ሀኪም ነበር፤ ሁለቱም የታንታ ልጆች ናቸው። ታንታ ውስጥ በሽተኛ የጠፋ ይመስል።

ትልቅ ሥነ ጽሑፍ ነው ብዬ አልከራከርም። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ነጠብጣቡ ይበዛል፣ ምዕራፉም የሚያልቀው ጀግናው ሊሞት አንድ ስንዝር ሲቀረው ነው። አረብኛን እየተደነቃቀፈ ለሚያነብ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላየሁም። በቁም ነገረኞቹ መጻሕፍት ገና ግሱን ሳላገኘው ገጹ ያልቃል፤ እዚህ ግን ቡጢው የት እንዳረፈ ለመገመት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

የማይሸነፍ ጀግና መውደድ የጀመርኩት ግን ካርቱም አይደለም። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ትግል በቴሌቪዥን ስናይ ታላቅ ወንድሜ ከኋላችን ቆሞ «ውሸት እኮ ነው!» ይል ነበር። መብራቱ ጠፍቶ ደወሉ ሲደወል፣ አንደርቴከር፣ ያ ቀባሪ፣ በጨለማ ሲመጣ እኛ ትንፋሽ እንይዛለን፤ እሱ «ተነጋግረው ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ትግሉን የሚያዘጋጀው ኩባንያ ራሱ በ1989 ለኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች መዝናኛ እንጂ ውድድር አይደለም ብሎ ተናግሯል፤ ይህንንም ያለው ኅሊናው ወቅሶት እንዳይመስላችሁ፣ ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ከግብሩ ለመዳን ነው። ወንድሜ ግን ራምቦን ሲያይ አንድም ቀን «ተነጋግረው ነው» ብሎ አያውቅም። ሠርግ ላይ አንዱ ዱላውን ነቅንቆ «ዘራፍ!» እያለ ሲፎክር ስንት አንበሳ እንደገደለ ቁጥር የሚጠይቀው ማን ነው? ያ ሰው ማይክሮፎን ቢሰጡት ኒውዮርክ ላይ ሁለት ሳምንት ትኬት ያስሸጣል። በ2014 ለ21 ግጥሚያ ረሰልማኒያ በሚባለው የዓመቱ ትልቅ መድረክ ላይ ያልተሸነፈው ቀባሪ በብሮክ ሌስነር እጅ መውደቁ ካርቱም ሲሰማ፣ አጠገቤ የነበረው ራክሻ (ባጃጅ) ነጂ ስኳሩን ሳያማስል ሻዩን ጨለጠው። ተነጋግረው እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

ሀጅ ዩሱፍ የሄድኩት እንግዲህ የወንድሜን አፍ የሚያዘጋ ነገር ፍለጋ ነው። ከጥቁር ዓባይ ማዶ፣ ሐፍላ በሚሉት ሚኒባስ ተጨናንቀን፣ አርብ ከሰዓት። እዚያ ይታገሉ የነበሩት የኑባ ልጆች ናቸው፤ ከደቡብ ኮርዶፋን ተራሮች ጦርነትም እንጀራም ገፍቶ ያመጣቸው፣ ትግላቸውንም ይዘው የመጡ። እዚህ ተነጋግሮ የሚወድቅ የለም።

አንዱ ተንበርክኮ እጁን አሸዋ ውስጥ ከተተ። መዳፉን አሻሸ፣ ክንዱን አሻሸ፣ ማጅራቱን አሻሸ፤ ላብ ያዳልጣላ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ ቀረበ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። የተጋጣሚውን አናት በጣቱ ጫፍ ነካ ያደርጋል፤ ያኛው እጁን ይመታዋል። ነካ፣ መታ። ነካ፣ መታ። ሁለት ድመቶች ግንብ ላይ ሲተያዩ ልክ እንዲህ ነው። ተሳሊ የሚሉትን የሐብሐብ ፍሬ እየፈለቀቅሁ ዓይኔን ወደ እጄ መለስ ከማድረጌ አንዱ የሌላውን ጭን ይዞታል፤ እንዴት እንደገባ አላየሁም። ሰውየው ከመሬት ተነሣ፣ ዞረ፣ ወደቀ፣ አቧራው ቡን አለ። መሬት ላይ መንከባለል የለም፤ ከወደቀ አለቀ። አሸናፊውን ትከሻ ላይ አወጡት፤ ሰው እየሮጠ ሄዶ እኛ አዝማሪ ግንባር ላይ እንደምንለጥፈው ገንዘብ እጁ ላይ ያደርግለታል።

አጠገቤ የተቀመጠውን ጎልማሳ የአሸናፊውን ስም ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። «እናቱ ያወጣችለት ነው?» አልኩት። ሳቀብኝ። የሜዳ ስሙ ነው፤ የእናቱን ማን ይጠይቃል! ጆርጅ ሮጀር በ1949 ያነሣት፣ ዓለም ያወቃት የኑባ ፎቶግራፍ አለች፤ በአመድ የነጣ ታጋይ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ። ባየኋት ቦታ ሁሉ ከሥሯ የተጻፈው «አሸናፊው» የሚል ብቻ ነው። ያ ሰውዬ ግን አርብ አርብ የሚጠራበት ስም ነበረው፤ በዚህ እወራረዳለሁ።

በ2013 አንድ ጃፓናዊ ዲፕሎማት፣ ያሱሂሮ ሙሮታትሱ፣ እዚሁ ሜዳ ገባ። ወዲያው «ሙሮ» አሉት። ተሸነፈ። ተመልሶ መጣ፤ ተሸነፈ። ከአምባሳደሮቹ አንዱንም በስም የማያውቀው ሀጅ ዩሱፍ ሙሮን አወቀው።

ሰውን በሜዳ ስሙ ማወቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ካሳን አባ ታጠቅ ያልነው፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ ያልነው እኛ ነን። በፈረስ ስሙ የተጠራ ሰው ያው ካባ የለበሰ ሰው ነው። በ2018 በሥራት ደበበ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ተባለ። በሥዕል መጽሔት ልክ ነው፤ ደስ ብሎኝም አንብቤዋለሁ። ባልቻ አባ ነፍሶ ቢሰማ ግን ቅር ይለው ነበር።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጠዋት ካርቱም ውስጥ የጦርነቱ ተኩስ ተጀመረ። እንደ ብዙው ሰው በጋላባት አድርጌ መተማ ገባሁ፤ መዝጋቢው ስሜን ሲጠይቀኝ «ኢብ...» ብዬ ጀምሬ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው መጽሐፍ አንድ ነው፣ ያውም ሽፋኑ የወለቀ የአድሃም ሰብሪ፤ የመጨረሻዎቹ ገጾችም የሉም። አድሃም እጁ ታስሯል፣ በሩ እየተዘጋ ነው። ሽፋን ስለሌለው ከ160ው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ያነበበው ካላችሁ እንዴት እንዳመለጠ ብቻ ንገሩኝ፤ ማምለጡንማ አውቃለሁ።