ወረቀት የመታው ሽጉጥና የአያቴ ምንሽር

ባለፈው ሳምንት ቨርጂኒያ የሚኖረው አጎቴ የአንድ አሮጌ ሽጉጥ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ መተኮስ የሚወድ ሰው ነው። «ይቺ ብትሸጥ አሮጌ መኪና ትገዛለች። ለምን እንደሆነ ድረስበት፤ ጋዜጠኛ አይደለህ?» አለኝ።

ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ።

ሽጉጡ ኬ-22 ይባላል፤ ስድስት ጥይት የሚጎርስ ሪቮልቨር ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ሞዴል ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1931፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ነው። የሚተኩሰው ትንሿንና ርካሿን ጥይት ነው። የተሠራው ለጦርነት ሳይሆን ወረቀት ላይ ለማነጣጠር ነው።

በ1940 የተሻሻለው ሞዴል መጣ። የኋላ ማነጣጠሪያው በጥቂት በጥቂቱ እንዲስተካከል ተደርጎ ተሠራ፤ ስሙም «ማስተርፒስ» ተባለ። አጎቴ ፎቶውን የላከልኝ ይህንኑ ነው።

ግን ያኔ አውሮፓ በጦርነት እየነደደች ነበር። ኩባንያው ለእንግሊዝ ጦር አዲስ ጠመንጃ እሠራለሁ ብሎ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀብድ ተቀብሏል። ጠመንጃው ግን የእንግሊዞቹን ጥይት አልቻለም፤ ተሰባበረ። ገንዘቡ ደግሞ ወጥቷል። ኩባንያው ከኪሳራ የዳነው ዕዳውን በወታደራዊ ሪቮልቨር ለመክፈል ተስማምቶ ነው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ፊቱን ወደ ጦርነቱ አዞረ። ያላማሩ፣ ያልተወለወሉ ሽጉጦች በመቶ ሺዎች ተመረቱ። የዒላማው ሽጉጥ ቆመ። እንደገና መሠራት የጀመረው በ1946 መጨረሻ ነው።

ስለዚህ ከጦርነቱ በፊት የተሠሩት «ማስተርፒሶች» ከአንድ ሺህ ብዙም አይበልጡም። የመወደዳቸው ምስጢር ይኸው ነው። ሽጉጧ የሠራችው ጀብዱ የለም። ዋጋዋን የሰቀለው ያልተሠሩት እህቶቿ ናቸው።

ይህን ለአጎቴ ስነግረው ሳቀና አንድ ነገር ጨመረልኝ። ባለቤቱ ቁጥሯን ልኮ ከጠየቀ፣ ከድሮው የፋብሪካ መዝገብ ላይ መቼ እንደወጣችና ለየትኛው ነጋዴ እንደተላከች ተፈልጎ በደብዳቤ ይነገረዋል። ወረቀት ብቻ ስትመታ የኖረች ሽጉጥ የልደት ምስክር ወረቀት አላት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አያቴ ትዝ አሉኝ።

አያቴ ምሰሶው ላይ የሚሰቅሉት ምንሽር ነበራቸው። በበዓል ዋዜማ አውርደው በዘይት ይወለውሉታል። እኛ ልጆች እንዳንነካው እንቆጣለን እንጂ ከየት እንደመጣ፣ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደገደለ ወይም ማንን እንዳዳነ አንድ ቀን እንኳ የጠየቀ የለም። እሳቸው ሲሞቱ ለአገር ሰው ተሸጠ። ስንት እንደተሸጠ ቤተሰቡ ሁሉ ያስታውሳል። ታሪኩን የሚያውቅ ግን አንድም የለም።

እኔ ደግሞ ዲግሪ ይዤ፣ የሰው ታሪክ እየጠየቅሁ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። የማላውቀውን ባለሥልጣን በር ቆሜ ጠብቄ ጠይቄያለሁ። አያቴን ግን አጠገባቸው ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ አልጠየቅኋቸውም።

እኛ አገር ጠመንጃ የገባበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ መዝገቡ ያለው ግን በሽማግሌዎቻችን አፍ ውስጥ ነው። አያት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውሉ። ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ዋለበት ጠይቁ።

ቸር ያሰማን!