የአባባ ምርጫ

«ቀይ ወይን ለሥጋ፣ ነጭ ወይን ለዓሣ» የሚለውን ሕግ ከሰው አፍ ለቅሜ እንደ ዳዊት በምደግምበት ዘመን ነው። አባቴ ለፋሲካው ዶሮ ወጥ አንድ ጠርሙስ አክሱማይት ገዝቶ ጠበቀኝ። አክሱማይት ጣፋጭ ቀይ ወይን ጠጅ ነው።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ከምግብ ጋር አይጠጣም!» አልኩና በእንግዶች ፊት ጠርሙሱን ከገበታው አነሳሁት። በምትኩ ይዤ የመጣሁትን ጉደር ቀዳሁ። አባቴ ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

ከሁለት ጉርሻ በኋላ ጉደሩ አፋችን ውስጥ መረረ፤ በርበሬው እሳት ሆነ። እንግዶቹ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ውሃ ጠየቁ።

ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ምላስን የሚያደርቀው ታኒን ከወይኑ ልጣጭና ዘር ይወጣል። በርበሬ ሲያገኘው ምሬቱ ይጎላል፤ አልኮሉም ማቃጠሉን ያብሰዋል። ጣፋጭ ወይን ግን ያበርደዋል። ታኒንን የሚያለሰልሰው ሥጋና ስብ ነውና የጉደር ቦታ ሚጥሚጣ ያልበዛበት ጥብስ አጠገብ ነው። ነጩ አዋሽ ክርስታል ደግሞ ሎሚ ለተጨመቀበት ዓሣ ይስማማል። ለካ ያ የያዝኩት ሕግ በርበሬ ከማያውቅ ገበታ የመጣ ኖሯል!

አባቴ ታኒን የሚባል ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ምላሱን ነበር። «ልክ ነበርክ» ሳልለው አረፈ።

ዛሬ በየፋሲካው አክሱማይት እገዛለሁ። እንግዳ «ይኼ እኮ ከምግብ ጋር አይጠጣም» ሲለኝ፣ ፈገግ ብዬ «መጀመሪያ ጉረስ» እለዋለሁ።