«አይሆንም» ብለው የፈረሙት

ፈረንሳዮች የሉዊ 16ኛን አንገት የቀሉት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1793 ነው። 12 ዓመት ሳይሞላ ናፖሊዮን ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ ያውም በሕዝብ ድምፅ! ከ3.5 ሚሊዮን በላይ «አዎ»፣ ወደ 2,500 ብቻ «አይሆንም»።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ቴስት እንዲህ ካለፈልኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቴስቱን ነው። ጥያቄው ራሱ ዘውዱ ለዘሩ ይውረስ ወይ የሚል ነበር። ዘውዱንማ ሴኔቱ በሜይ 1804 ቀድሞ ሰጥቶታል። ድምፁም ምስጢር አልነበረም፤ ክፍት መዝገብ ላይ ስምህን ጽፈህ ትፈርማለህ።

ከናፖሊዮን ይልቅ እነዚያ 2,500ዎቹ ናቸው የሚገርሙኝ። ሪፐብሊክ ወዳድም ይሁኑ ንጉሥ ናፋቂ፣ ቀጥሎ የሚፈርመው ጎረቤት እያነበበው ጻፉት። እኔ የቢሮ ስብሰባ ላይ «ተቃውሞ ያለው?» ሲባል እንኳ መጀመሪያ ዙሪያዬን ነው የማየው።