ወደ ሐርዲቦ ስንወጣ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አበው። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለተማሪም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈነዋል። ታዲያ ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ አፍሰን የለቀምነው እኛው ራሳችን ነበርን። ነገሩ እንዲህ ነው።

ለማስተማር ልምምድ ሐራ የወጣነው ሠልጣኞች አሥራ አንድ ነን። የሐራን የግንቦት ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል። «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ወደ ደጋ ወጥተን እንተንፍስ» ተባባልንና ሐርዲቦን መረጥን። ዳቦ፣ ቆሎና ውሃ ይዘን ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ተነሣን። መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፈን ሐይቅ ከተማ በማለዳ ገባን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

ላላየው አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ በተሁለደሬ ሁለት ሐይቆች አሉ። የታችኛው ሎጎ ሐይቅ 88 ሜትር ያህል ይጠልቃል። የላይኛው ሐርዲቦ ከሱ 200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል ተኝቷል። አንከርካ የሚባለው ወንዝ ከላይኛው ወደ ታችኛው የሚወርድ ነው፤ ዛሬ ግን ገበሬው ለመስኖ ስለሚጠልፈው እንደ ጥንቱ አይፈስም።

ዳገቱን ጀምረን ዞር ስንል የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከታች ታየን። ቦታው ጥንት ደሴት ነበር፤ ውሃው ስለሸሸ ዛሬ በእግር ይገባበታል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ትምህርት ቤት ከፍተው ብዙ ደቀ መዛሙርት ያፈሩት እዚያ ነው። ከመካከላችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «ለካ የመምህራን አገር ነው ያለነው!» ብለን ኮራን።

ኩራቱ ግን ብዙ አልቆየም። ዳገቱ ላይ ማን ይቀድማል የሚል ፉክክር ተነሣ። አንዲት ጓደኛችን የጫማዋ ሶል ተላቆ ወደኋላ ቀረች። «ነይ እንጂ!» እያልን ተጣራን፤ እግራችን ግን አልቆመም።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ሐርዲቦ ከነሰማዩ ተዘርግቶ ቁልጭ አለልን። ጮኽን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦውን ፈታን። ለማካፈል ስንቆጥር አሥር ሆንን።

«አብረሻት አልነበርሽም እንዴ?»

«ከናንተ ጋር መስላኝ!»

ሁሉም ሌላው አብሯት ያለ መስሎት ነበር። ደመናው ከተራራው ላይ መውረድ ጀምሯል። ዳቦውን ጠቅልለን በሩጫ ተመለስን።

ያገኘናት ከመንገዱ ዳር ከአንድ አዛውንት ገበሬ ደጃፍ ተቀምጣ ነው። አዛውንቱ ጫማዋን በቃጫ ያስራሉ።

«እግዜር ይስጥልን አባባ» አልናቸው።

ቀና ብለው አዩን። «መምህራን ናችሁ አለችኝ።»

«አዎ አባባ፣ ገና በመማር ላይ ነን።»

«ይሁን። እኔ ከብት ስነዳ እንኳ ካንካሳዋ ኋላ ነው የምሄደው፣ ልጆቼ።»

ከዚህ በላይ አልተቆጡንም። እሷም አልወቀሰችንም፤ «ሐይቁ ያምራል?» ብላ ብቻ ጠየቀችን። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን።

እንደገና ወጣን። አሁን እሷ ከፊት ናት፤ እኛ በእሷ እርምጃ ልክ። መንገድ ላይ ካፊያ ያዘን። አፋፉ ስንደርስ ሐርዲቦን ጉም ውጦታል። ያ እኛ ያየነው ሰማያዊ ውሃ ለእሷ አልታየም። እስከ ዳርቻው ወርዳ እጇን ነከረችና «ይቀዘቅዛል» አለች። የቀረውን ዳቦ ለአሥራ አንድ ተካፍለን ዝናቡ ሳይበረታ ተመለስን።

ይህን የምንጽፈው ግለ ሂስ ለማድረግ ነው። ጉሙን እኛ አላመጣነውም፤ እሷ ሐይቁን ማየት የምትችልበትን ሰዓት ያባከንነው ግን እኛ ነን። ክፍል ውስጥም ቢሆን ፈጣኑ ተማሪ እጁን ሲያወጣ ትምህርቱ የገባ ይመስለናል። «ገባችሁ?» እንላለን፤ «አዎ!» የሚሉት ከፊት የተቀመጡት ናቸው። ከኋላ ያለው ሶሉ እንደተላቀቀ ማን ያውቃል?

ሰኞ ሐራ ላይ ማስተማር ስንጀምር ከሰሌዳው ሳይሆን ከመጨረሻው ወንበር ጀመርን። ትምህርቱ ዘገየ፤ ዕቅዳችንንም አልጨረስን። አንባቢ ጓዶቻችን፣ እናንተስ መጨረሻ የቆጠራችሁት መቼ ነው?